ምራት ያመጣችው የሚያበራ ሰዓት

ነገሩ የጀመረው በደግነት ነው፤ ይህን አስቀድማችሁ ያዙልኝ።

አንድ ሽማግሌ ፎቶ አንሺ ነበር። ሱቁን ከዘጋ ቆይቷል፤ እጁ ግን ሥራ አልፈታም። ከመኝታ ቤቱ ጎን ያለችውን መስኮት የሌላትን ዕቃ ቤት ጨለማ ክፍል አድርጓት፣ በድሮው መንገድ ጥቁርና ነጭ ፎቶ ያጥብባታል። እሱ ወረቀቱን የፎቶ ማጠቢያ መድኃኒት ውስጥ ሲነክር፣ ሚስቱ በርጩማ ላይ ቁጭ ብላ ሰከንድ ትቆጥርለት ነበር። ገበያ የምትወጣውም፣ አምፖል የምትገዛውም፣ የሚለብሰውን የምትመርጥለትም እሷው ነበረች።

ሞተች። ሽማግሌው ከልጁና ከአዲሷ ምራቱ ጋር ቀረ።

ኀዘኑ ቀለል ሲልለት የሚስቱን ፎቶ በትልቁ አትሞ ሳሎን ሊሰቅል ተነሣ። ቆጠራው ግን አልሆንለት አለ። እኩሌታ ላይ ሲደርስ ሐሳቡ ጥሎት ይሄዳል። አንዱ ፎቶ ይነጣበታል፣ አንዱ ይጠቁርበታል። ምራቲቱ ይህን አይታ አንጀቷ አልቻለም። ቁጥሮቹ በጨለማ የሚያበሩ፣ ሰከንድ የሚቆጥር ሰዓት ፈልጋ ገዛችለት።

«አባባ፣ ከእንግዲህ አይድከሙ። ይኸው ይቆጥርልዎታል።»

«ተባረኪ ልጄ» ብሎ ግንባሯን ሳማት።

ሰዓቱን ከማጠቢያው ሳህን በላይ ባለው መደርደሪያ ላይ አኖረው። በዚያው ሰሞን የጨለማ ክፍሉ አምፖል ተቃጥሎ ስለነበር፣ ራሱ ሱቅ ወርዶ ሌላ መርጦ ቀየረ። ያ የፎቶ ወረቀት ኩሩ ነው፤ ከቀይ ብርሃን በቀር አይወድም። ሌላ ብርሃን ከነካው መድኃኒት ውስጥ ሲገባ ይጠቁራል።

ከዚያ ወዲህ ፎቶው እምቢ አለ። የሚስቱ ፊት መድኃኒቱ ውስጥ ብቅ ይላል፤ ወዲያው ጥቁር ጭጋግ ይወርድበታል።

ሽማግሌው ምላሷ ስለት የሆነ እህት አለችው። መጥታ የተበላሸውን አየችና፣ «ምነው፣ ይኼ ሰው ነው ከሰል?» አለችው።

«ብርሃን እየገባበት ነው።»

«ከየት ይገባል? መስኮት የለው!» ዙሪያውን ቃኘች። «ይኼስ ምንድን ነው?»

«በጨለማ የሚያበራ ሰዓት ነው። ምራቴ ናት የሰጠችኝ።»

«በጨለማ የሚያበራ! ታዲያ እኔን ምን ትጠይቀኛለህ?»

ምራቲቱ ሻይ ይዛ በሩ ጋ ቆማ ነበር። ሰማች። ሻዩን እንደያዘች ወጥ ቤት ተመለሰች።

ሽማግሌው ልጅቷን ማሳፈር አልፈለገም። ድምፁን አጥፍቶ ሰዓቱን ወደ በሩ አዛወረው። አልሆነም። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረውና አንገቱን እያጣመመ ያነበው ጀመር። አልሆነም። ጠረጴዛ ሥር ደበቀው፤ ጎንበስ ቀና ሲል ወገቡ ተያዘ እንጂ ፎቶው እንደሁ ያው ነው። ወረቀቱ እያለቀ ሄደ። እንዲያ ያለ ወረቀት የሚሸጥ ሱቅ ደግሞ የት ተገኝቶ!

ምራቲቱ ገበታ ላይ ቀና ማለት አቃታት። ሽማግሌው ቲማቲም ገዝቶ እንዲመጣ ተልኮ ጥሬ ጥሬውን ለቅሞ ቢያመጣ እንኳ፣ «ደህና ነው አባባ፣ ይበስላል» ብላ ታስቀምጠዋለች። በምን አፏ ትናገር?

«ኧረ ተይው፣ ሰው አልገደልሽ» ይላታል ባሏ።

«የእናትህን ፊት ነው ያጠቆርኩት» አለችው።

በመጨረሻ እህትየው፣ «ፈትነውና ይለይለት» አለች። ሽማግሌው ጨለማ ክፍሉን ዘግቶ፣ መብራቱን እንደ ልማዱ አብርቶ፣ ቁራጭ ወረቀት ሰዓቱ ፊት ዘረጋ። የቤቱን ቁልፍ ከላዩ አስቀመጠ። ብርሃን የሚያበላሸው ከሆነ፣ ቁልፉ የከለለው ቦታ ብቻ ይተርፋል። ትንሽ ቆይቶ መድኃኒት ውስጥ ነከረውና ይዞት ወጣ። ዙሪያው ጥቁር፣ ቁልፉ ያረፈበት ነጭ።

«ተያዘች!» አለች እህትየው። ሰዓቷን ይሁን ልጅቷን፣ እሷ ታውቃለች።

ምራቲቱ ፊቷን በእጆቿ ሸፈነች። «ይቅር ይበሉኝ አባባ። ደህናውን ቤት መጥቼ አበላሸሁት።»

«ለእኔ ብለሽ አይደል ልጄ» አላት። ሲላት ግን ዓይኗን አላየም። ከእህትየው ምላስ ይልቅ ይኼኛው ቆረጣት።

አንድ ወረቀት ቀረ።

ሽማግሌው ሰዓቱን ከጨለማ ክፍሉ አውጥቶ ሳሎን አስቀመጠው። እጁን ታጥቦ ሲያበቃ፣ ወጥ ቤት ተደብቃ ሳህን የምታሸውን ምራቱን ጠራት።

«ነይ ግቢ። አንቺ ትቆጥሪልኛለሽ።»

«እኔ? ደግሞ ይቺንም ላበላሽብዎት?»

«ምኑን ታበላሺዋለሽ? የሚያበላሸው ወጥቷል። ነይ፣ እሷ የምትቀመጥበት ላይ ተቀመጪ።»

ሚስቱ ከሞተች ወዲህ በሩ ተዘግቶ አብሮት የሠራ ሰው የለም፤ የገዛ ልጁም ቢሆን። ምራቲቱ ገብታ በርጩማው ጫፍ ላይ፣ እንደ እንግዳ፣ እጇን ጭኗ ላይ ሰብስባ ተቀመጠች። በሩ ተዘጋ። ዓይን ቢወጉ የማይታይ ጨለማ ሆነ። ሽማግሌው የታሸገውን ወረቀት በአንድ እጁ ይዞ፣ በሌላው ማብሪያውን ዳበሰ።

«ስነግርሽ ትጀምሪያለሽ። አይዞሽ፣ ይኼ ቀዩ ብርሃን ወረቀቱን አይነካውም» አለና አበራው።

ምራቲቱ ቀና አለች፤ ግድግዳው፣ ሳህኑ፣ የአማቷ ሽበት ሳይቀር፣ ሁሉም እንደ ቅጠል አረንጓዴ ሆኗል።