የትርንጎ በርበሬ

ጥቁር የለበሰችው ሴትዮ የበርበሬ ፓኬቷን የንግድ ምልክት መዝጋቢው ጠረጴዛ ላይ ዱብ አደረገችው። ፓኬቱ ላይ አንዲት ልጅ ትስቃለች።

«ይቺ ልጄ ትርንጎ ናት። ቤይሩት ሰው ቤት ስትሠራ ሞተች ተብሎ ጎረቤቶቼ ገና ሳይነጋ መጥተው አረዱኝ። አስከሬኗ እንኳ አልመጣልኝም። ፊቷ እንዳይረሳ ብዬ ነው ፎቶዋን እዚህ ላይ ያሳተምኩት። አሁን በርበሬዬን ያከፋፍል የነበረው ሰውዬ በዚሁ ፎቶ የራሱን ይሸጣል።»

«እሱ አስመዝግቦታል፣ እማማ።»

«ደንቡ ተሻሽሏል አይደል እንዴ! የሰው ፎቶ ያለ ባለፎቶው ፈቃድ አይመዘገብም፤ ከሞተም ቤተሰቡ ካልፈቀደ አይሆንም ሲሉ በሬዲዮ ሰምቻለሁ። እኔ ደግሞ ሞቼ እገኛለሁ እንጂ አልፈቅድም!»

መዝጋቢው ፓኬቱን አንስቶ አየና መልሶ አስቀመጠው።

«በአዲሱ ደንብ ነው የመዘገብንለት። ባለፈው ሳምንት ልጅቷን ይዟት መጣ። እርስዎ የተቀመጡበት ወንበር ላይ ተቀምጣ ፈቀደችለት። ከፎቶው ጋርም አስተያይተናታል፤ ራሷ ናት።»

«ትርንጎዬ በሕይወት አለች?» ሴትዮዋ ከወንበሩ ብድግ አለች።

መዝጋቢው ትኩር ብሎ አያት።

«እናቷ ግን ከሞቱ ቆይተዋል ነው ያለችን። እርስዎ ማን ነዎት?»