የሼህ ኡበይድ ፊርማ

ሐይቅ ከተማ ውስጥ ድሮ የራሱን ብር የሚያትም ትንሽ ባንክ ነበር። በየብሩ ላይ «የፈረመው ሰው በሕይወት እስካለ ይከፈላል» የሚል ተጽፎበታል፤ ሰዉ ከማኅተሙ ይልቅ ፈራሚውን ያምን ነበርና። ባንኩ ከተዘጋ ሃምሳ ዓመት አልፎታል፤ ፈራሚው ሼህ ኡበይድም ከሞቱ ሃያ ሆናቸው። ልጃቸው ሀዲያ ባንኩ በነበረበት ቤት ደብተር ትሸጣለች።

በገበያ ቀን ከሣጥን ሥር ያገኘውን አሮጌ ብር ይዞ የሚመጣ አይጠፋም። ማስረዳቱ ሀዲያን አታክቷታል።

ዛሬም ዋለ የሚባሉ የአምባሰል ገበሬ የጋቢያቸውን ጫፍ ፈተው አንዲት ብር ዘረጉላት።

«አባባ፣ ባንኩ የለም። አባቴም ወደ አኼራ ከሄዱ ቆዩ» አለች ቀና ሳትል።

«አሁን በሬዬን የገዙኝ ሽማግሌ ናቸው የሰጡኝ። ‹ልጄ ትከፍልሃለች› ብለው ነው ወደዚህ የላኩኝ።»

«አታለውዎት ነው» አለች በረጅሙ ተንፍሳ። ለአንዲት ወረቀት በሬያቸውን መስጠታቸው አንጀቷን በላው። ብሩን ልትመልስላቸው ስታነሳ ፊርማውን አየችው። የመጨረሻዋን ፊደል እንዲህ ወደ ታች የሚጎትቷት አባቷ ብቻ ነበሩ።

«ይኸ ድሮ የተፈረመ ነው» አለች፣ ለራሷም ጭምር። ብሩንም መለሰችላቸው።

አውራ ጣቷ ግን እርጥብ ሰማያዊ ቀለም ይዞ ቀረ።