የሮንዳ ክንድ

ሴትዮዋ እጅጌዋን እስከ ትከሻዋ ሰብስባ ክንዷን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው።

«በል ፈርምልኝ። እዚሁ፣ ከድሮው ሥር። ሮንዳ እባላለሁ፤ መቼም አታስታውሰኝም።»

ዌንደል ክንዷን አይቶ ብዕሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ለአድናቂ ለሚታደለው ፎቶ እንኳ መላ ነበረው። ጠዋት ጠዋት ኪኒኑን ውጦ እጁ ጸጥ በሚልባት በዚያች አንድ ሰዓት፣ ቤቱ ቁጭ ብሎ ሁለት መቶ ፎቶ ፈርሞ በካርቶን ይዞ መጥቷል። ተራው የደረሰው ሰው ሲመጣ ፈገግ ብሎ አንዱን ማቀበል ነው። ክንድ ግን ቤት ተፈርሞ አይመጣም።

የድሮው ፊርማ እዚያው አለ። የዛሬ አርባ ዓመት ግድም እሱ በብዕር ጻፈላት፤ እሷ በማግስቱ ንቅሳት ቤት ሄዳ በመርፌ አስወጋችው። ቀለሙ ወደ አረንጓዴ ሸሽቷል እንጂ ጭረቱ አልደበዘዘም። በአንድ ትንፋሽ የተጻፈ ነው፤ የጻፈው ልጅ ቸኩሎም ኮርቶም ነበር።

«አስራ ሰባት ዓመቴ ነበር» አለች ሮንዳ። «እናቴ በጥፊ አጮለችኝ። አሁን የልጅ ልጅ አለኝ። ስለ እናንተ ሳወራለት ‹እነሱ ደግሞ እነማን ናቸው?› ይለኛል፣ ያ ጉደኛ! ዛሬ አሳየዋለሁ። ይኸው አሉ፣ እጁም ያው እጅ ነው እለዋለሁ።»

«ፎቶ ልስጥሽ» አላት ዌንደል። «ሁለት ውሰጂ።»

«ፎቶማ ባሌ ጥሎኝ ሲሄድ ይዞት ሄደ። ይሄንን ነው ሊወስድብኝ ያልቻለው። አዲሱንም አሁኑኑ እዚሁ አስወጋዋለሁ።»

ከጎኑ የተቀመጠው የባንዳቸው ዘፋኝ ሎርን በሳቅ ፈነዳ። ሎርን ጸጉሩን እንደ ከሰል አጥቁሮ፣ ጠባብ ሱሪውን ለብሶ፣ ከጠዋት ጀምሮ አፉ አላረፈም። «አየህ ዌንዲ፣ ላንተ ዛሬም ክንድ ይዘረጋልሃል። እኔን የሚጠይቁኝ ጉልበቴን የቀየረልኝን ሐኪም ስልክ ነው!»

በሰልፉ ላይ ያለው ሰው ሁሉ ሳቀ። ግማሹ ታጣፊ ወንበር ይዞ መጥቷል። የአውራጃው ዓመታዊ ትርዒት ነውና ከወዲያ በኩል ላሞች ለሽልማት ይወዳደራሉ፣ የሚጠበስ አይብ ይሸታል። ኮንሰርቱ የሚጀመረው ጀንበር ሳትጠልቅ ነው፤ ታዳሚው በጨለማ መንዳት ትቷል።

ዌንደል ግን ስለ ራስል ያስብ ነበር። የዛሬ ሦስት ዓመት የባንዱ ቤዝ ጊታር ተጫዋች ራስል ጆሮው ከድቶት ዘፈን መሀል መሳት ሲጀምር፣ ሎርን እራት ጋበዘው። ጥሩ ሥጋ፣ ጥሩ ወይን፣ በመጨረሻም ረጅም እቅፍ። በሳምንቱ የራስል ፊት ፖስተሩ ላይ አልነበረም። አሁን ምን እንደሚሠራ የሚያውቅ የለም፤ የሚጠይቅም የለም። ዌንደል የእጁን መንቀጥቀጥ ሁለት ዓመት ሙሉ የደበቀው ያን እራት ፈርቶ ነው። መድረክ ላይ ጩኸቱ ይሸፍንለታል።

ብዕሩን አነሳ። በግራ እጁ ክርኗን ደገፍ አድርጎ፣ ትንፋሹን ይዞ ጻፈ። የመጀመሪያው ፊደል እንደምንም ወጣ። ከዚያ በኋላ ያለው እየተንቀጠቀጠ፣ እያነሰ፣ እያነሰ ሄደና መጨረሻው ላይ የጉንዳን መንገድ መሰለ።

«ክንድሽን አነቃነቅሽው» አላት።

«ውይ፣ ይቅርታ!» አለች ደንግጣ። «ደስታው ነው፣ ምን ላድርግ።»

ዌንደል አፈረ። ይቅርታዋን እንደ ተራ ነገር ተቀብሎ ቀጣዩን ሰው በዓይኑ ጠራ። ደግነቱ ሎርን ከአንዲት መላጣ ባሏን ከጎተተች ሴት ጋር ይቀልድ ነበርና አላየም። የትርዒቱ ንቅሳት ሠሪ ከላሞቹ ድንኳን አጠገብ ነው ያለው። ያስተካክለዋል አለ ዌንደል በልቡ፤ ማንም ንቅሳት ሠሪ እንዲህ እንዳለ አይወጋውም።

ካርቶኑ ሊጋመስ ሲል ሮንዳ ሰልፉን ጥሳ መጣች። ክንዷ በስስ ፕላስቲክ ተጠቅልሏል፣ ዙሪያው ቀልቷል።

«ተመልከቱልኝ! ሰውዬው ትንሽ ላቃናው ቢለኝ እንዳትነካው አልኩት። የዌንደልን እጅ የምታርም አንተ ማነህ? አልኩት። አንዲት ነገር ሳይለቅ ነው የወጋው!»

ሎርን መነጽሩን አደረገና ጎንበስ አለ። ሁለቱ ፊርማዎች አንዱ ካንዱ ሥር ተቀምጠዋል። የላይኛው የሚበር ይመስላል። የታችኛው ጥቁርና ትኩስ ነው፤ መርፌው እያንዳንዷን መንቀጥቀጥ ተከትሏታል። ሎርን ይህን ፊርማ በየውሉ ላይ ሃምሳ ዓመት ሙሉ አይቶታል።

«ቆንጆ ነው፣ የኔ እመቤት» አላት።

ከዚያ እጁን ሰደደና ከካርቶኑ ውስጥ አንድ ፎቶ አወጣ፣ ጠዋት የተፈረመውን ፊርማ አየና ቀስ ብሎ መለሰው። ቀና ሲል የዌንደልን ፊት ሳይሆን ቀኝ እጁን ነበር የሚያየው። ዌንደል እጁን ከጠረጴዛው ሥር አውርዶ በጉልበቶቹ መሀል አጣብቆ ያዘው። እዚያም አላረፈለትም።

«ዌንዲ» አለ ሎርን፣ ድምፁ ለስልሶ። «ነገ ሥራ የለንም አይደል? እራት ልጋብዝህ።»

ከሰልፉ ወዲያ ሮንዳ ክንዷን ከፍ አድርጋ ይዛለች። የማታውቃቸው ሰዎች ከበዋት፣ ስልካቸውን አውጥተው፣ ፊርማውን በየተራ ፎቶ ያነሳሉ።