ገደ ቢሷ

«ዛሬስ አበቃለት» አሉ አጠገቧ የተቀመጡት ሽማግሌ፣ የኦቾሎኒ ልጣጭ ከጭናቸው ላይ እያራገፉ። «ሦስቴ ወጥቶ ሦስቴም ባዶ እጁን ተመለሰ። የቀረችው አንድ ዕድል ናት።»

ኦፓል ባርኔጣዋን ወደ ግንባሯ ሳበች። አበቃለት የተባለው ባሏ ነው። ሮይስ ከሰኔ ወዲህ ቤዝቦል በተጫወተበት ቀን ሁሉ ቢያንስ አንዴ ኳሷን በዱላው አስተካክሎ ሳይመታ ወደ ቤቱ ገብቶ አያውቅም፤ የጋዜጣውም፣ የሬዲዮውም፣ የፀጉር አስተካካዩም ወሬ ይኸው ነው። ነገሩ የጀመረው ደግሞ እሷ ጉንፋን ይዟት ከስታዲየም በቀረችበት ቀን ነበር። ተሽሏት ልትለባብስ ስትል ሮይስ በር ላይ ቆመ።

«የኔ ማር፣ ለጊዜው ቤት ሁኚልኝ። ክፉ አስቤ እንዳይመስልሽ። እንዲያው ይሄ ነገር እስኪያልፍ ብዬ ነው።»

ቤዝቦል ተጫዋች እንዲህ ሲቀናው ገዱ እንዳይሸሸው ካልሲውን አያሳጥብም፣ የሚሄድበትን መንገድ እንኳ አይቀይርም። ኦፓል ይህን ጠባይ ካገባችው ጀምሮ ታውቀዋለች። ግን ካልሲ መሆን ሌላ፣ ሚስት መሆን ሌላ! ባሏ ዝነኛ የሆነባቸውን ወራት በሙሉ ኩሽና ተቀምጣ በሬዲዮ ሰማችው። ዛሬ ግን አላስቻላትም። እውነት ገደ ቢሷ እኔ ነኝ? ይህን ሳታጣራ ከሱ ጋር ማርጀት አልፈለገችም። ጨዋታው ሳይጀመር መጥታ፣ ከሜዳው ማዶ ካለው ርካሽ መቀመጫ፣ ፀሐይ ከሚጠብሰው ሕዝብ መሀል ተደበቀች።

ሮይስ ለአራተኛ ጊዜ ዱላውን ይዞ ብቅ ሲል ሕዝቡ አንገቱን አሰገገ።

«ሚስቱ መጥታ ይሆናላ» አሉ ሽማግሌው ዓይናቸውን ከሜዳው ሳይነቅሉ። «እሷ ካየችው አይሆንለትም አሉ።»

«ማን አለ?»

«ሰው ሁሉ ነዋ ልጄ! ወንበሯ ያውና፣ እዚያ ማዶ። የለም፣ ባዶ ነው። አልመጣችም፣ እግዜር ይስጣት።»

ኦፓል ልትነሳ ቃጣት። አሁን ቶሎ ብትወጣለት ምናልባት... ወዲያው ራሷን ታዘበች። ለካ እሷም አምናበታለች! በገዛ ራሷ ተናደደች፤ መቀመጫውን በሁለት እጇ ጨብጣ ቁጭ አለች።

ሮይስ የመጀመሪያዋን ኳስ ሳታት። ሁለተኛዋንም ሳታት፤ ሦስተኛዋን ከሳተ ማለቁ ነው። የምትቀጥለዋን ግን የምንጣፍ አቧራ እንደሚያራግፍ ሰው አጮላት፤ ኳሷ በርራ ከአጥሩ ጋር ስትላተም ሽማግሌው ኦፓልን አንገቷን አቅፈው ዘለሉ። እሷም ጮኸች፤ እንባዋም መጣ።

ከዚያ ደረጃውን ወረደች። ግማሽ ስታዲየም ዞራ የተጫዋቾቹ ሚስቶች ካሉበት ደረሰችና ቦታዋ ላይ ተቀመጠች። የኳስ ወርዋሪው ሚስት ማክሲን በድንጋጤ ክንዷን ያዘቻት።

«አንቺ! አብደሻል እንዴ? ቢያይሽስ?»

«ይየኝ።»

ሮይስ ከሜዳው ሲመለስ አያት። ባለበት ቆመ። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፤ በዚያ ሁሉ ጩኸት ድምፁ ባይሰማትም ያለው ገብቷታል።

«መቼ መጣሽ?»

ኦፓል ከመጀመሪያው እዚያ ነበርኩ ለማለት ክንዷን ዘርግታ ማዶ ያለውን ፀሐያማ መቀመጫ አሳየችው። ሮይስ ዞረ። ጓደኞቹ እየመጡ ትከሻውን ይመቱታል፤ እሱ ግን እጁን ከዓይኑ በላይ ጋርዶ፣ ያንን ሩቅ ሕዝብ እያየ ቆሞ ቀረ።