የምድጃው ዳር በርጩማ

የሱሪውን ጫፍ አጥፌ የስፌቱን መኪና ልረግጥ ስል ፀደንያ የሱቁን በር በትከሻዋ ገፍታ ትገባለች። ከኋላዋ አንዲት ፈረንጅ አሮጊት፣ አንድ እጇ ከዘራ ላይ፣ አንድ እጇ የልጅቷ ክንድ ላይ።

«ጋሼ መዝገቡ፣ ዊልስደን ውስጥ እርስዎ የማያውቁት ሐበሻ የለም። እኚህ ሴትዮ ሰው ጠፍቶባቸው ነው።»

«ደግሞ ምን አመጣሽብኝ? ሥራ ላይ መሆኔን አታዪም?» እላለሁ፣ ቀና ሳልል።

«ከፈረንሳይ ነው የመጡት። ከባሕሩ ጠረፍ ካለች ትንሽ መንደር፣ የዓሣ አስጋሪዎች መንደር። እንግሊዝኛ አይችሉም፤ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ሲቸገሩ አገኘኋቸውና እኔ ነኝ ፍሬንች የማወራላቸው።»

ያን ጊዜ ቀና እላለሁ። ማዳም ኦዲል ናት።

ወደ እኔ ታያለች፣ ግን ዓይኗን ሞራ ሸፍኖታል። እኔም ያኔ ጎፈሬ ብቻ የሆንኩ ቀጫጫ ነበርኩ፤ ዛሬ መላጣ፣ ባለ ቦርጭ ነኝ። አላወቀችኝም። እሰየው እላለሁ በልቤ።

ይቺን ሴትዮ ስረግማት ነው የኖርኩት። ፀደንያም ከልጄ ከባርኮት ጋር እኛ ቤት ስትጫወት ይህንኑ እየሰማች ነው ያደገችው። ወደዚህ የሚሻገር ጀልባ ስጠብቅ ቤቷ አስገባችኝ፤ እሱን አልክድም። ግን ማታ ገበታ ሲቀርብ ባዶ ወንበር አይቼ ቁጭ ልል ስል፣ ክንዴን ይዛ ብድግ አደረገችኝ። ጎረቤቱ ሁሉ ባለበት። ምድጃው ዳር አንዲት በርጩማ ላይ አስቀምጣ ሳህኔን ጉልበቴ ላይ ሰጠችኝ፣ እንደ ውሻ። አንድም ሰው ምን ነካሽ አላላትም። እኔ ትምህርቴን ስድስተኛ ክፍል ላይ ያቆምኩ ሰው ነኝ፤ ንቀት ግን ሳይተረጎም ይገባኛል። የሄድኩ ዕለት ደህና ሁኚ አላልኳትም፤ ስትደርስ ደውል ብላ በምልክት ያሳየችኝንም ከቁም ነገር አልቆጠርኩት። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

«ማን ይባላል ሰውየው?» እላለሁ።

«ቲቶ።»

በስደት መንገድ ላይ እውነተኛ ስሙን የሚሰጥ ሞኝ የለም። ቲቶ እኔ ነኝ።

«ቲቶ የሚባል አላውቅም። ሃክኒ ሂዱና ጠይቁ።»

ፀደንያ ትነግራታለች። አሮጊቷ ራሷን ነቅንቃ ማውራት ትጀምራለች፤ ልጅቷ ከኋላ ከኋላ እየተከተለች ታስረዳኛለች።

«ሃክኒንም ዌምብሊንም ቼክ አድርገናል። ቲቶ በሄደ ለታ ማዕበል ተነሣ፣ ጀልባ ተገለበጠ ተባለ። እሱም አልደወለም። እነሱ አገር ደግሞ ባሕር ወጥቶ የቀረ ሰው መቀመጫው ላይ ማንም አይቀመጥም። ሬሳው እስኪገኝ ወይ ራሱ መጥቶ እስኪቀመጥበት ድረስ፣ ዕድሜ ልክም ቢሆን። የልጃቸው ወንበር አለች፣ ባሕር የበላው የአንድ ልጃቸው። ቲቶ የመጣ ማታ ሳያውቅ ሊቀመጥባት ሲል፣ ይሄም ልጅ ባሕር ሊሻገር ነው፣ የኔን ልጅ እንዳይከተለው ብለው ብድግ አደረጉት። ቤቱ ሙሉ ሰው ደንግጦ ዝም አለ ነው የሚሉት። ከዚያ ከቤቱ ሁሉ የሚሞቀውን ቦታ ሰጡት፣ ምድጃው ዳር፣ በርጩማ...»

ትቆማለች። ዞራ ታየኛለች።

«ጋሼ» ትላለች፤ ይሄን አልተረጎመችም።

«ጨርሺ» እላታለሁ።

«አሁን በርጩማዋም ላይ ማንም አይቀመጥም። ቄሱ እንኳ ሲመጡ ቆመው ነው የሚያወሩት። በዓመት አንዴ ባሕሩ ሲባረክ ያልተመለሱት ይጠራሉ፤ ቲቶም ከመንደሩ ልጆች ጋር ይጠራል። እሳቸው ደግሞ አቅም አንሷቸው ኬር ሆም፣ የአረጋውያን መጦሪያ፣ ሊገቡ ነው፣ ቤቱ ይሸጣል። ሞቶ ከሆነ ፍትሐት ላስደርግለት፣ በሕይወት ካለ ግን በቁሙ አልቀብረውም እያሉ ነው።»

«ሞቷል» ማለት ብቻ ነው፣ አንድ ቃል። አሮጊቷ ፍትሐቷን አስደርጋ ታርፋለች፤ እኔም ቂሜን ይዤ፣ ሰው ፊት ሳልዋረድ ሱሪዬን እሰፋለሁ። ቃሉ ምላሴ ላይ ደርሷል።

«ምን ልበላቸው?» ትላለች ፀደንያ። ድምፅዋ ቀዝቅዟል። «ወይስ ‹እንደ ውሻ› የሚለውን ልተርጉምላቸው?»

መቀሱን አስቀምጣለሁ።

«ቲቶ እኔ ነኝ በያቸው።»

ትነግራቸዋለች። ማዳም ኦዲል አያለቅሱም። ከዘራቸውን የስፌት መኪናዬ ላይ አስደግፈው በዳበሳ ይመጡና ፊቴን ይነካሉ፣ መላጣዬን ይነካሉ፣ ወርደው ቦርጬን መታ መታ ያደርጋሉ። አንድ ነገር ይላሉ።

«ወፍረሃል እያሉ ነው።»

«ይቅርታ በያቸው። የወንበሩን ነገር እኔ...»

አይሰሙኝም። ስልካቸውን አውጥተው ለፀደንያ ሰጥተዋታል፤ ትደውልላቸዋለች፣ ድምፁን ትለቀዋለች። የመንደሩ ቡና ቤት ነው። ብርጭቆ ይንኳኳል፣ ሰው ይስቃል። ማዳም ኦዲል ስልኩ ላይ ጎንበስ ብለው አጭር ነገር ይናገራሉ። ሳቁ ይቆማል። ከዚያ አንድ ወንድ ይጮኻል፤ ሌላው ይቀበለዋል፤ በር ይከፈታል፣ ውጭ ላለው ይነገራል። ከሚሉት ሁሉ የሚገባኝ ቲቶ የሚለው ብቻ ነው። ሽማግሌው ይለዋል፣ ሴቷ ትለዋለች፣ እኔ እዚያ ሳለሁ ያልተወለደ የሚመስል ሕፃን ይለዋል።

«ያናግረን እያሉ ነው» ትላለች ፀደንያ፣ ስልኩን ዘርግታልኝ። ዓይኗን ማየት አልችልም።

ስልኩን ተቀብዬ ወደ አፌ አስጠጋለሁ። እዚያ ማዶ መንደሩ በሙሉ ባንዴ ፀጥ ይላል፣ የእኔን ድምፅ ሊሰማ።