ቁጥር አርባ ሁለት

ፋብሪካው ከተቃጠለ ሃያ ዓመት ሞላው። ልብስ ሰፊዋ ግን ዘበኛውን ይቅር አላለችም፤ ማንስ ይላል? የኋላው በር ቁልፍ በእሱ እጅ ነበር። በሩ እንደተቆለፈ ሠላሳ ስምንት ሰው ሲያልቅ እሱ ግን በሕይወት ወጣ። ደግሞ እኮ ከባሏ ጋር ከአንድ ሰሃን የበላ ጓደኛ ነው! ጥፋቱን በሰው ፊት እስኪያምን ላትታረቀው ምላለች።

ከእሳቱ የተረፈው መግቢያው ላይ ያለው ሰሌዳ ብቻ ነበር። ሠራተኛው ሲገባ ቁጥሩ የተጻፈባትን ቆርቆሮ እዚያ ይሰቅላል፣ ሲወጣ ያነሳል። ያረፈደ እንደሆነ አለቃ እንዳይቆጣው ጓደኛው ይሰቅልለታል። ሬሳው አልለይ ሲል ሟቾቹ የተቆጠሩት በእነዚያ ቆርቆሮዎች ነው። የባሏ፣ የቁጥር አርባ ሁለት፣ ሣጥን በጣም ቀላል ነበር።

"እሳት ምን ያስተርፋል ብለሽ ነው" አሏት።

ያን ዕለት ጠዋት አዲሱን ጫማውን አድርጎ ነበር የወጣው። "ሙሽራ መሰልክ እኮ!" ብላ ቀልዳበታለች። ያቺ ቀልድ እስከ ዛሬ ታንገበግባታለች። ከዚያ ወዲህ ስንቱ ለትዳር ጠየቃት፤ "ባለ ባል ነኝ" እያለች መለሰች።

በየዓመቱ በዕለቱ ሰፈርተኛው ፍርስራሹ ፊት ይሰበሰባል። የሟቾቹ ቁጥር ይጠራል፤ ቤተሰብ "አልረሳነውም" ብሎ ይመልሳል። በየዓመቱም ዘበኛው ጠባሳ የወረሰውን እጁን ደብቆ ይጠጋታል።

"እህቴ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ።"

"ለፈጣሪህ ንገረው!"

ዘንድሮ ብቻውን አልመጣም። ባርኔጣውን እስከ ቅንድቡ የደፋ አንድ ሽበታም ሰው አስከትሏል። ደሟ ፈላ። አስታራቂ ይዞባት መጣ! ፊቷን አዞረች።

"ሽማግሌ አይደለም ተራራ ብታመጣ አልታረቅህም!"

"ለእርቅ አይደለም፣ እህቴ። አደራ ብሎኝ ነው እስከ ዛሬ አፌን የዘጋሁት። ዛሬስ አንዴ ዞር በይ።"

"እናንተን ከማይ ዓይኔ ይጥፋ!"

ጠሪው ጀመረ።

"ሠላሳ ዘጠኝ!"

"አልረሳነውም" አሉ አንዲት እናት፣ እንባቸውን እየጠረጉ።

"አርባ ሁለት!"

ልብስ ሰፊዋ አፏን ሳትከፍት፣ ከኋላዋ ሽበታሙ ሰው "አለሁ" አለ።