ለገበያው የመጣ ተመላሽ

ደብዳቤው የመጣው ማክሰኞ ጠዋት ነው። በበሩ ሥር ሾልኮ ገብቶ ኖሮ፣ ልብስ ሰፊው ገበያው ሱቁን ሲከፍት ረገጠው። ቁጥር አለው፣ ቀን አለው፣ ክብ ማህተምም አለው።

“ባለፉት ሦስት ዓመታት ከሚገባው በላይ ግብር ከፍለው ስለተገኙ ብር 18,400 ተመላሽ ይደረግልዎታል” ይላል። “ሐሙስ ስምንት ሰዓት ላይ ሠራተኛችን ገንዘቡን ይዞ ሱቅዎ ድረስ ይመጣል፤ መታወቂያዎን ይዘው ይጠብቁ።”

ገበያው ሦስት ጊዜ አነበበው። በ2003 ዓ.ም. ካዛንቺስ ውስጥ ሱፍ አስለክቶ የሚያሰፋ ሰው ጠፍቷል፤ ሁሉም ተሰፍቶ ያለቀውን ከቡቲክ ያነሳል። የሱቁ ኪራይ ስምንት ወር አልተከፈለም። አከራይዋ እትዬ ሸዋአየሁ ደግ ሴት ናቸው፣ ግን እሳቸውም ሰለቻቸው፤ እስከ ወሩ መጨረሻ ካልከፈልክ ቁልፉን አምጣ ብለውታል። ሠላሳ ዓመት የሰፋበት ሱቅ ነው። ከዚህ ወጥቶ ወዴት እንደሚሄድ አያውቅም፣ ሌላ ሥራም አይችልም።

ስምንት ወሩን በወር ኪራዩ፣ በሁለት ሺህ ሦስት መቶ ብር፣ ሲያባዛው ልክ አሥራ ስምንት ሺህ አራት መቶ መጣ። ደስ ሊለው ሲል ደነገጠ። መንግሥት መቼም የእሱን የኪራይ ዕዳ አያውቅም። ይሄ ጉዱን አብጠርጥሮ የሚያውቅ፣ ችግሩን በሜትር የለካ ሰው ሥራ ነው።

ጎረቤቱ ደጋጋ ጋ ገባ። ደጋጋ ከጎን ባለችው ጠባብ ክፍል ማመልከቻ እየጻፈና ፎቶኮፒ እያነሳ ይኖራል፤ የገበያውን የግብር ቅጽ በየዓመቱ የሚሞላውም እሱ ነው። ሃያ ዓመት ምሳ አብረው በልተዋል። አንድ ጊዜ ብቻ ደጋጋ “ልበድርህ” ቢለው፣ ገበያው “ለማኝ አደረግከኝ?” ብሎ ሳምንት ሙሉ አኩርፎታል። እንዲህ ነው ገበያው፤ የሰው እጅ ከሚያይ ጦሙን ቢያድር ይመርጣል።

ደጋጋ ደብዳቤውን ገረፍ አድርጎ አይቶ መልሶ ሰጠው።

“ተቀበላ” አለው፣ ዓይኑን ከኮምፒውተሩ ሳያነሳ። “ሲሰጡህ ለምን ይባላል? ማለቴ፣ ለሰው ብቻ አታውራ፤ በቃ።”

ፎቶኮፒ ማሽኑ የነበረበት ጠረጴዛ ባዶ ነው። ገበያው የት ሄደ ሲለው፣ ጥገና ገብቷል አለና ወሬ ቀየረ።

ረቡዕ ግብር መሥሪያ ቤት ሄዶ ሲሰለፍ ዋለ። ተራው ሲደርስ ቢፍቱ የምትባል ሠራተኛ ደብዳቤውን ተቀብላ መዝገብ አገላበጠችና ራሷን ነቀነቀች። ቁጥሩ እኛ ጋ የለም፣ ማህተሙም የእኛ አይደለም፤ ተመላሽ ደግሞ በጥሬ ብር ሱቅ ድረስ አይላክም አለችው። ታዲያ እኔን ድሃውን ምን ሊወስዱብኝ ነው ብሎ ጠየቃት። መታወቂያዎንና ፊርማዎን ካገኙ ምኑ ይታወቃል አባባ፣ ለፖሊስ ያመልክቱ አለችው።

ከዚያ ደብዳቤውን እንደገና አየችው።

“የግብር ከፋይ ቁጥርዎ ግን ትክክል ነው። ከእርስዎ ሌላ ማን ያውቀዋል?”

ገበያው ደብዳቤውን ተቀብሏት ወጣ። ቁጥሩን የሚያውቀው አንድ ሰው ብቻ ነው።

ከፖሊስ ጣቢያው በር ሁለት ጊዜ ተመለሰ። በሦስተኛው ገባ፤ የደጋጋን ስም ግን አላነሳም።

ሐሙስ ሲቪል የለበሱ ሁለት ፖሊሶች ደንበኛ ልብስ ከሚለካበት መጋረጃ ጀርባ ተቀመጡ። ስምንት ሰዓት ሲሆን ክራባት ያሰረ፣ ገበያው አይቶት የማያውቅ ሰው የታሸገ ወፍራም ፖስታ ይዞ ገባ። “አቶ ገበያው?” ከማለቱ ፖሊሶቹ ወጥተው እጁን ጠመዘዙት። ሰውየው፣ ሃድጉ ይባላል፣ ገና ደጃፉ ላይ ሳለ ተናዘዘ፤ ደጋጋ ነው የላከኝ አለ።

ደጋጋን ከወንበሩ አንስተው ሲያወጡት ሰፈሩ ሁሉ ወጥቶ ያያል። ገበያው መንገዱ መሀል ቆሞ ጠበቀው።

“ምን በደልኩህ?” አለው።

ደጋጋ አንገቱን ደፍቶ አለፈ። ገበያው ሱቁ ገብቶ አለቀሰ። ገንዘቡስ ይቅር፣ ሱቁም ይቅር፤ ሃያ ዓመት አብሮ የበላው ሰው ይሄን ማድረጉ ነው ያንገበገበው።

አሥር ሰዓት ላይ ቃል ለመስጠት ጣቢያ ተጠራ። መርማሪው ሥራው ሰምሮለት ፊቱ ፈክቷል። የመንግሥት ማህተም አስመስሎ መቅረጽ ቀላል ወንጀል አይደለም፣ ከእንግዲህ እርስዎ ልተወው ቢሉ እንኳን ሕጉ አይተወውም አለው። ገበያው “ይበለው” አለና ክሱ ላይ ፈረመ።

“አንድ ነገር ብቻ ግራ ገባን፣ ጋሼ” አለ መርማሪው፣ የተከፈተውን ወፍራም ፖስታ ወደ እሱ እየገፋ። “ቁርጥራጭ ጋዜጣ የጠቀጠቁበት መስሎን ነበር፤ ውስጡ ያለው ግን እውነተኛ ብር ነው፤ አሥራ ስምንት ሺህ አራት መቶ፣ አንድም ሳይጎድል።”